የመኪና አደጋ ከሥሪቱ ይጀምራል፤ ከጋፋት መድፍ እስከ ወረታ የሩዝ መፈልፈያ



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና የተጓዙ እንደ ሆነ፣ የጉማራን ድልድይ ተሻግረው ጥቂት እንደ ሄዱ ዓይን እስኪደክም ድረስ የተዘረጋ ሜዳ ያገኛሉ። ይህ የፎገራ ሜዳ ነው። በስተምሥራቅ የጉና ተራራ፣ በስተምዕራብ የጣና ሐይቅ ይዞታል። ከጉና በኩል የሚወርዱት ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውሃው ሲሸሽም ጥቁሩን አፈር እንደ ረጠበ ለገበሬው ትተውለት ይሄዳሉ። ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ለመታጠብ የወረደ ሰው አገሩን በሚገባ ያውቀዋል። የወረታ ከተማ በዚህ ሜዳ ላይ ተቀምጣ አንደኛውን መንገደኛ ወደ ጎንደር፣ ሁለተኛውን ወደ ደብረ ታቦር ትሸኛለች።

በዛሬው ንግግራችን ይህን አገር ያነሣነው ግን ስለ መልኩ ለማውራት አይደለም። አንድ ጥያቄ ስላለን ነው፤ ይኸውም መኪና ሰውን ሲጎዳ ጥፋቱ የማን ነው? የያዘው ሰው ነውን ወይስ የሠራው? በአገራችን ታሪክ ከባድ የብረት ሥራ ከተሞከረባቸው ስፍራዎች ዋነኛው ጋፋት ሲሆን፣ ጋፋትም ከወረታ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተኪዶ በሚገኘው በደብረ ታቦር አጠገብ ነው። ዛሬ ደግሞ በሜዳው ላይ የሩዝ መፈልፈያና የውሃ መሳቢያ ሞተር ሲጮኽ ይውላል። ስለዚህ ጥያቄያችንን ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ በአንድ አገር ላይ ቆመን ልንመረምረው እንችላለን።

መኪና ስንል አባቶቻችን ይሉት እንደ ነበረው የልብስ ስፌቱንም፣ የእህል መፍጫውንም፣ በመዘውር የሚዞረውን ሁሉ ማለታችን ነው እንጂ በጎዳና የሚሮጠውን አውቶሞቢል ብቻ ማለታችን አይደለም። ይህን አስቀድመን መናገራችን ርእሱን ብቻ አይቶ ስለ ትራፊክ ሕግ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው እንዳይኖር ነው።

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚል ምሳሌ አለን። ምሳሌው ለሸማ እውነት ነው። ነገር ግን ወደ መኪና አዙረን ስንጠቀምበት፣ አንድ ሰው እጁን በመኪና ሲቆረጥ ሁሉ «ምነው ባይነካው ኖሮ» እያልን ነገሩን በዚያው እንድንዘጋው አድርጎናል። የሠራተኛው አለመጠንቀቅ በመዝገብ ይጻፋል፤ መኪናው ግን ምንም ሳይለወጥ በማግሥቱ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። የሌሎች አገሮች ሰዎችም ከዚህ አስተሳሰብ የወጡት በብዙ ደምና በብዙ ዓመት ነው።

ወደ ጋፋት እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ፣ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስኮና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተላኩ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንትስለን የሚባሉት ከእነዚህ ወገን ናቸው። ከፖላንድ የመጣው ሞሪትስ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም በዚያው ሥራ አብረዋቸው ነበሩ። ንጉሡ በጋፋት መኖሪያና መሥሪያ ስፍራ ሰጥተው አስቀመጡአቸው። ሚሲዮናውያኑ ወንጌል ለማስተማርና በእጅ ሥራቸው ለማገልገል እንጂ መድፍ ለመሥራት አልመጡም ነበር። ንጉሡ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሉአቸው። ይህ የእኛ ሙያ አይደለም ብለው ቢመልሱም ንጉሡ የሚቀበሉት ነገር አልሆነም፤ አገራቸውን ከውጭ ጠላት በራሳቸው መሣሪያ ለመጠበቅ ቈርጠው ነበርና። ከብዙ ሙከራና ከብዙ ክሽፈት በኋላ አንዱ ተሳካ፤ ከትንሹም ወደ ትልቁ እየተሻገሩ በመጨረሻ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውንና በሩሲያ ምሽግ ስም ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቁን መድፍ በ1859 ዓ.ም. ገደማ አቅልጠው አወጡ።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ የእነዚህን ሰዎች ችግር ያስቡት። ከመካከላቸው በመድፍ ፋብሪካ ያደገ የለም። ነሐስ ሲቀልጥ አየር ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝም በሆዱ ውስጥ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ሊያስቀር ይችላል። ቅርጽ ማውጫው ጭቃ በደንብ ካልደረቀ፣ የቀለጠው ብረት ሲፈስበት በውስጡ የቀረው እርጥበት በድንገት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ብረቱን በሠራተኞቹ ላይ ይረጨዋል። መድፉ በደኅና ወጣ እንኳ ቢባል፣ ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ ዓረሩን ወደ ፊት የሚገፋውን ያህል የመድፉንም ግድግዳ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ግድግዳው በአንድ ስፍራ የሳሳ ወይም ቀዳዳ ያለበት እንደ ሆነ መድፉ ጠላትን ትቶ ተኳሹን ይገድላል። ይህ ሁሉ ከውጭ አይታይም። ከውጭ የሚታየው የሚያምርና የሚያብረቀርቅ መድፍ ነው።

የመድፍ ሠሪዎች ሙያ ለዚህ አንድ መላ ነበረው፤ አዲሱን መድፍ ከተለመደው የበለጠ ባሩድ አጉርሶ፣ ሰዎቹን ከአፈር ክምር በስተኋላ አርቆ፣ ከሩቅ ሆኖ በረጅም ክር መተኰስ ነው። የሚፈነዳ ከሆነ ሰው በሌለበት ይፈንዳ ማለት ነው። መላው መልካም ቢሆንም ሙሉ አይደለም። አንድ ጊዜ ያልፈነዳው በአሥረኛው ሊፈነዳ ይችላል፤ ብረት እንደ ሰው ይደክማልና።

ይህንን ለመረዳት ከጋፋት ትንሽ ቀደም ብሎ በአሜሪቃ የሆነውን ማየት ይጠቅማል። በእ.ኤ.አ. 1844 ዓ.ም. የካቲት ወር መጨረሻ ላይ ፕሪንስተን የተባለችው የጦር መርከብ ፕሬዚዳንቱን ጆን ታይለርንና ብዙ እንግዶችን አሳፍራ በፖቶማክ ወንዝ ላይ ትንሸራሸር ነበር። በመርከቧ ላይ ሁለት ታላላቅ መድፎች ነበሩ። አንደኛው በስዊድን ተወላጁ መሐንዲስ በኤሪክሰን ሐሳብ በእንግሊዝ አገር የተሠራ ሲሆን፣ ግፊቱ በሚበረታበት በጀርባው በኩል በብረት ቀለበት የተጠናከረ ነበር። ሁለተኛውን የመርከቧ አዛዥ ስቶክተን የመጀመሪያውን አስመስሎ በአገሩ አሠራው፤ ግድግዳውን ይበልጥ አወፈረው እንጂ የማጠናከሪያውን ምሥጢር አልያዘለትም። ለሙከራ የተተኰሰው አምስት ጊዜ ብቻ ነበር። ስሙንም «ሰላም አድራጊው» ብለው ሰየሙት። በዚያ ቀን ለእንግዶቹ ደስታ ሲተኰስ ቆይቶ ድንገት ፈነዳ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን አፕሸርንና የባሕር ኃይል ሚኒስትሩን ጊልመርን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ሞቱ። ፕሬዚዳንቱ ከመርከቧ ውስጥ በታችኛው ክፍል ስለ ነበሩ ተረፉ።

እዚህ ላይ የሚገርመው የመድፉ ወፍራምነት ነው። ስቶክተን የመሰለው ብዙ ብረት ማለት ብዙ ጥንካሬ ማለት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት የአሜሪቃ መድፍ ሠሪዎች ግን ግፊቱ የት እንደሚበረታ እየለኩ ቅርጹን መወሰን ጀመሩ። ዳልግረን የተባለው የባሕር ኃይል መኰንን በስተኋላው ወፍሮ ወደ አፉ የሚቀጥን፣ ጠርሙስ የሚመስል መድፍ አወጣ። ሮድማን የተባለው ሌላው መኰንን ደግሞ መድፉ ውስጡ ክፍት ሆኖ እንዲቀለጥና ከውስጥ በኩል በውሃ እንዲቀዘቅዝ አደረገ። ከሁለቱም የምናየው አደጋው በተኳሹ ጥንቃቄ ሳይሆን በሥሪቱ ላይ ሲቀነስ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ በታች አሮጌ በሚባለው ስፍራ በደረሰ ጊዜ የዐፄ ቴዎድሮስ መድፎች ከፋላ ላይ ተኰሱ። ከታላላቆቹ አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኵስ ፈነዳ። በስፍራው የነበሩ አውሮጳውያን ልኩን ያለፈ ጉርሻ እንደ ተሰጠው ጽፈዋል። በ«ከአያያዝ ይቀደዳል» ፍርድ ብንሄድ ጥፋቱ የአጉራሹ ነው። ነገር ግን ያን አጉራሽ ይመልከቱት፤ ጠላት እየመጣ፣ ሰማዩ እያጉረመረመ፣ ንጉሡ በዓይናቸው እያዩት፣ የባሩዱን ልክ በእጁ መጥኖ ወደ አፈ ሙዝ የሚከት ሰው ነው። እጁ ባይስት ነበር የሚገርመው። በአውሮጳ የጦር መሣሪያ ሠሪዎች ይህንን ነገር ኋላ ያስተካከሉት አጉራሹን አጥብቀው በመገሠጽ አይደለም። ባሩዱን በፋብሪካ መጥነው በቀለህ ውስጥ አሽገው፣ በመድፉ ሆድ ከአንድ በላይ እንዳይገባ አድርገው ሠሩት። የመመጠኑ ሥራ ከተጨነቀው ሰው እጅ ወጥቶ ረጋ ብሎ ወደሚሠራው ሰው ጠረጴዛ ተዛወረ።

ስለ ሴባስቶፖል ሳንናገር ብናልፍ ቅር ይለናል። ይህ መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ከ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ጀምሮ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶአል። በጨጨሆ፣ በቤተ ሖር፣ በጅጣና በበሽሎ ገደሎች 70 ኩንታል ብረት በመንኰራኵር ማውረድና ማውጣት ምን ያህል የሚያስፈራ ነገር እንደ ሆነ አገሩን ያየ ሰው ያውቀዋል። ቁልቁለት ላይ ገመዱ ቢበጠስ ከፊት ያለው ሰው አይተርፍም። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን መድፉን ከማንቀሳቀሳቸው በፊት መንገዱን ያስጠርጉ ነበር፤ ድንጋይም በገዛ እጃቸው ያነሡ ነበር። የቁልቁለቱን ክፋት አስቀድሞ በመቍረጥ መቀነስ በገደል አፍ ላይ ሆኖ «ጠበቅ አድርገህ ያዝ» ብሎ ከመጮኽ ይበልጣል። በዚህ ነገር ንጉሡ ከብዙ መሐንዲስ የማያንስ አስተዋይነት አሳይተዋል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። መድፉ እስከ ዛሬ በመቅደላ ላይ ይገኛል፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ያዩታል።

ከመድፍ ወደ ሰላማዊው መኪና ስናልፍም ታሪኩ ያው ነው። በእ.ኤ.አ. 1679 ዓ.ም. ዴኒ ፓፐን የተባለው ፈረንሳዊ አጥንት የሚያለሰልስ የታፈነ ድስት ሠራ፤ ድስቱ እንዳይፈነዳም እንፋሎቱ ሲበዛ ክብደቱን አንሥቶ የሚያስተነፍስ ክዳን አበጀለት። ዛሬ በየቤቱ ምስር ቶሎ የሚያበስለው ድስት የዚያ ልጅ ነው። ክዳኑ ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ይተነፍሳል። ሆኖም በእንፋሎት መርከብና ባቡር ዘመን ኃይል እንዲጨምርላቸው ብለው ማስተንፈሻውን በገመድ የሚያስሩ፣ ከባድ ነገርም የሚጭኑበት ነበሩ።

በእ.ኤ.አ. 1865 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ሱልታና የተባለችው መርከብ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ተቃጠለች። እንድትይዝ የተፈቀደላት 376 ሰው ሲሆን፣ ከጦርነት እስር የተለቀቁ ወታደሮችን ጨምሮ ከ2,000 በላይ ተሳፍሮባት ነበር። የእንፋሎቱ ጋን ስንጥቅ ተገኝቶበት መርከቧ እንዳትዘገይ ተብሎ በችኰላ ተለጥፎ ነበር፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሌሊት በወንዙ መካከል ፈነዳ፤ ከ1,100 በላይ ሰዎችም ሞቱ። በዚያው ዓመት በጀርመን በማንሃይም ከተማ በአንድ የቢራ ጠመቃ ቤት የእንፋሎት ጋን ፈነዳ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1866፣ የዚያ አገር የጋን ባለቤቶች ራሳቸው ማኅበር አቁመው መኪናዎቻቸውን በየጊዜው የሚመረምር መሐንዲስ ቀጠሩ። ዘመኑን ያስተውሉ፤ በእኛ አቈጣጠር 1858 ዓ.ም. ነው፤ በጋፋት አገር የብረት ማቅለጫው ይሠራ በነበረበት ጊዜ መሆኑ ነው።

የእንግሊዝ አገር ነገር ትንሽ ለየት ይላል። እዚያ ብዙ ሰው የሚጎዳው በፍንዳታ ሳይሆን በቀስታ ነበር፤ ዛሬ የአንዷ ጠጕር በሚዞር ብረት ተጠመጠመ፣ ነገ የአንዱ እጅ በጥርስ መካከል ገባ እየተባለ። በእ.ኤ.አ. 1844 የወጣው የፋብሪካ ሕግ የሚዞሩ ብረቶች እንዲታጠሩ አዘዘ። ባለፋብሪካዎቹ ግን ሠራተኛው ራሱ ይጠንቀቅ እንጂ እኛ ስለ ምን አጥር እንሠራለን እያሉ ለብዙ ዓመታት ተከራከሩ። ክርክሩ ዛሬም በሌላ ቃል በየአገሩ ይሰማል።

ከእነዚህ ሁሉ የተገኘው ትምህርት በጊዜያችን በአንድ ቅደም ተከተል ተጽፎአል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. በ12100 ቍጥር ያወጣው የመኪና ደኅንነት ደንብ፣ ሠሪው መኪናውን ገና በወረቀት ላይ ሳለ አደጋውን እንዲገምት ይጠይቃል። ጉዳቱ ቢደርስ ምን ያህል ይከፋል? ሰው ለዚያ አደጋ የሚጋለጠው ስንት ጊዜ ነው? አደጋው ሲመጣ ሊያመልጥ የሚችልበት ፋታ አለውን? ይህን ከመዘነ በኋላ በመጀመሪያ አደጋውን ከሥሪቱ ያስወግዳል፤ ሊያስወግደው ያልቻለውን ይከልለዋል፤ ሊከልለው ያልቻለውን ብቻ በጽሑፍና በምልክት ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያ በመጨረሻው ረድፍ መሆኑን ልብ ይበሉልን፤ እኛ የምንጀምረው ከእርሱ ነውና።

ይህ ቅደም ተከተል ለፎገራ ሰው እንግዳ አይደለም። በሜዳው ጠርዝ በጣና ዳር የሚኖሩ ሰዎች ታንኳ የሚሠሩት ከደንገል ነው። የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ሆዱ ባዶ ስለ ሆነ ነው፤ ቀዳዳ ቢያገኘውና ውሃ ቢገባው አዘቅዝቆ ሊሰጥም ይችላል። የደንገል ታንኳ ግን የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ በውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ነው። ውሃ ቢገባውም ይከብዳል፣ ይረጥባል፣ ቀዛፊውንም ያበሰብሰዋል እንጂ ወዲያው ወደ ታች አይወርድም። ጉድለት የለውም ማለታችን አይደለም፤ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ እየወጣ መድረቅ አለበት፣ ማዕበልም ይገለብጠዋል። ነገር ግን የመስጠምን አደጋ ከዕቃው ጠባይ ማውጣት ማለት ይህ ነው። ታንኳ ሠሪው ደንቡን አላነበበም፤ ሥራውን ግን ሠርቶታል።

እንግዲህ ወደ ዛሬው መኪና እንምጣ። ሩዝ በ1970ዎቹ ዓመታት በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ርዳታ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መዘራት ከጀመረ ወዲህ የፎገራን ኑሮ ለውጦታል። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚሁ አገር ነው። በወረታም የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሞአል። ሩዝ ግን እንደ ጤፍ ወቅተው የሚፈጩት እህል አይደለም፤ ገለባው ከፍሬው ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር መፈልፈያ ያስፈልገዋል። በሩዝ አገር ሁሉ የታወቀው ቀላሉ መፈልፈያ፣ ጠርዝ ያለው ክብ ብረት በወንፊት ቤት ውስጥ እየዞረ ፍሬውን እርስ በርሱ የሚያፋትግ ነው። ብረቱን የሚያዞረው ሞተር ነው፤ ሞተሩንና መፈልፈያውን የሚያገናኘው ደግሞ ቺንጋ ነው። ነገሩ ሁሉ ከዚህ ቺንጋ ላይ ነው።

በሬዲዮ ሲነገር ቍጥሩ ያመለጠዎ እንደ ሆነ እነሆ በጽሑፍ እንደግመዋለን። በደቂቃ 1,450 ጊዜ የሚዞር የኤሌክትሪክ ሞተር 12 ሣንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፑሌጃ ቢኖረው፣ ቺንጋው በአንድ ሰከንድ 9 ሜትር ይሮጣል። አንድ ሰው የሆነ ነገር ነካኝ ብሎ እጁን ለመሳብ የሰከንድ ሩብ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ቺንጋው ከሁለት ሜትር በላይ ሄዶአል፤ የነጠላውን ጫፍ ይዞ ከሆነም ነጠላውን ጨርሶ ወደ ሰውነቱ ደርሶአል። «ተጠንቀቅ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ምን ይረዳል? ጥንቃቄ የሚሠራው ለማሰብ ፋታ በሚሰጥ ነገር ላይ ነው።

የነጠላውን ነገር ያነሣነው በከንቱ አይደለም። የመኪናው ሠሪ መኪናውን ሲያስብ በፊቱ የቆመው ሰው ጠባብ የሥራ ልብስ የለበሰ፣ የሠለጠነ አንድ ሠራተኛ ነው። በወረታ መፈልፈያ ቤት ግን የሚገባው ኵንታሉን ተሸክሞ የመጣ ገበሬ ነው፤ ጋቢ ለብሶአል። ነጠላዋን ያጣፋች ሴት ሩዟን ለመቀበል ትጎነበሳለች፤ ልጅም እናቱን ተከትሎ ይገባል። አቧራውና ጩኸቱ አንዱ ሌላውን እንዳይሰማ ያደርገዋል። ስለዚህ የመኪናው እውነተኛ ተጠቃሚ በሠሪው ወረቀት ላይ የሌለው ሰው ነው፤ አደጋውን የሚገምት ሰው ይህን ቤት ሳያይ የገመተው ግምት ለሌላ አገር የተሠራ ግምት ነው።

መከለያ አብሮ የመጣ እንደ ሆነስ? በብዙ ወፍጮ ቤት መከለያው በጥግ ተደግፎ ይታያል። ባለ ወፍጮውን ሰነፍ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ነገር ግን ቺንጋ እየላላ ስለሚሄድ በየጊዜው መወጠር አለበት፤ መከለያው በስድስት ቡሎን የታሰረ ከሆነ አንድ ቀን ተፈትቶ የሚቀረው በጥግ ነው። ስድስቱን ቡሎን የወሰነው መከለያው ወልቆ እንዲቀርም በከፊል ወስኖአል። ወንፊት በሚመስል ብረት ተሠርቶ ቺንጋውን ሳይነኩት የሚያሳይ፣ በማጠፊያ እንደ በር ተከፍቶ የሚዘጋ መከለያ ግን ማንም አያወልቀውም፤ ማውለቁ ከመተዉ ይልቅ የሚያደክም ነውና። የአገራችን ብረት ሠሪዎች በርና መስኮት በየቀኑ እየበየዱ የሚያወጡ ስለ ሆኑ ይህን መሥራት አያቅታቸውም።

በሜዳው ላይ በበጋ ሽንኵርት የሚያጠጣው የውሃ መሳቢያ ሞተር ደግሞ የተለየ ክፋት አለው። ከላይ ሆኖ ውሃ የሚስብ ፓምፕ በሥራ ላይ ሰባት ሜትር ያህል ካለፈ ጥልቀት አይስብም፤ ይህ የሠሪው ድክመት ሳይሆን የአየር ክብደት ወሰን ነው። ጕድጓዱ ሲጠልቅ ወይም ውሃው ሲሸሽ ገበሬው ምን ያደርጋል? ሞተሩን ወደ ጕድጓዱ ያወርደዋል። ሞተሩ በጠባብ ጕድጓድ ውስጥ ሲሠራ ከጢሱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታና ቀለም የሌለው መርዝ ይሞላል፤ ነዳጅ ሊጨምር የወረደው ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ሊያወጣው የወረደውም ወንድሙ እንዲሁ። ይህ ሞት ከድፍረት የመጣ አይደለም። ሞተሩና ፓምፑ በአንድ ብረት ላይ ተጣብቀው ስለ ተሸጡለት፣ ውሃውን ለማግኘት ሌላ መንገድ አልተሰጠውም። ለጥልቅ ጕድጓድ ፓምፑ ብቻ ወደ ውሃው የሚወርድ፣ ኃይሉ ከላይ የሚሰጠው ዓይነት ያስፈልጋል። ሻጩም ጥልቀቱን ጠይቆ መሸጥ አለበት።

ሕጋችን ስለዚህ ምን ይላል? ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በደንበኛው አኳኋን ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጎአል። የአውሮጳ አገሮች በሠሪው ኃላፊነት ላይ የጋራ መመሪያ ያወጡት በ1985 እ.ኤ.አ. መሆኑን ሲያስቡ፣ የእኛ ሕግ ምን ያህል የቀደመ እንደ ነበረ ይረዱታል። በቍጥር 2081 ደግሞ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ነገር ግን ሩዙን ለማስፈልፈል የመጣችው ሴት የማንም ሠራተኛ አይደለችም፤ እርሷን የሚደርስላት የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ነው።

ሆኖም በዚሁ በ2085 ውስጥ አንድ ጠባብ በር አለ። ጉዳቱን ያመጣው ጉድለት በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ሠሪው ከኃላፊነት ይድናል። ለተበላሸ ዕቃ ይህ ፍትሕ ይመስላል። ለቺንጋው ግን እንዴት ይሆናል? መከለያ የሌለው ቺንጋ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ በዓይን ይታያል። እንግዲህ አደጋው በግልጽ በታየ ቍጥር ሠሪው ነፃ ይወጣ ይሆን? የሕግ ዐዋቂዎች ይህን ቢመረምሩት መልካም ነው። በእኛ አስተያየት ግን የሚታይ አደጋ ሠሪውም ያየው አደጋ ስለ ሆነ ኃላፊነቱን ሊያከብድበት እንጂ ሊያቀልለት አይገባም።

ይህ ንግግር ለመንግሥት ሠራተኞች መቅረቡ ያለ ምክንያት አይደለም። ለኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ለወጣቶች ማኅበር ወይም ለምርምር ጣቢያ የሚገዛው መፈልፈያና ፓምፕ ሁሉ በአንድ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። በጨረታው ሰነድ ላይ የፈረስ ጕልበቱ፣ በሰዓት የሚፈለፍለው ኵንታል፣ የመለዋወጫው ዋስትናና ዋጋው ተዘርዝሮ ይገኛል። ስለ ቺንጋው መከለያ አንድ መስመር ካልተጻፈ፣ መከለያ ያለውን መኪና ያቀረበው ነጋዴ በዋጋ ተሸንፎ ይወጣል፤ ሰነዱን ያዘጋጀውም ሰው ሳያስበው የተራቈተውን ቺንጋ መርጦአል። መከለያው በማጠፊያ የሚከፈት እንዲሆን፣ ማጥፊያው ሩዝ ከሚፈስበት ስፍራ ሆኖ በእጅ የሚደረስ እንዲሆን፣ ፓምፕ ከሆነም የሚሠራበት ጥልቀት እንዲጻፍ መጠየቅ ከሰነዱ ላይ ሦስት መስመር ይወስዳል። መኪናው ሲረከብም ከሞተሩ ቍጥር ጋር አብሮ እነዚህን ማየትና ጎድለው ሲገኙ አለመፈረም የተረካቢው ሥልጣን ነው።